ተቀምጦ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው

ጋሽ ፍሬን መራመድ ይንቅ ነበር። የማይወድ ሰው ብዙ ነው፤ የእሱ ግን ንቀት ነው። ከቤቱ እስከ ዳቦ ቤቱ ያለውን መንገድ አንድ ሕፃን በአንድ እግሩ እንጣጥ እንጣጥ እያለ ይጨርሰዋል። እሱ ግን ወጥቶ የግቢውን በር ይከፍታል፣ ተመልሶ መኪናውን ያስነሳል፣ ያወጣታል፣ እንደገና ወርዶ በሩን ይዘጋል፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ ማቆሚያ ፍለጋ ይዞራል። ለአንድ ዳቦ የወረደው፣ የወጣውና የተመላለሰው ቢደመር በእግሩ ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። ይህን ቢነግሩት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

ሥራው ለመንጃ ፈቃድ ማሠልጠን ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ፣ በእሱ በኩል በተገጠመው ተጨማሪ ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ፣ «ፍሬን! ፍሬን አልኩህ እኮ! እግርህን ቤት ረስተኸው መጣህ?» እያለ ሲጮህ ይውላል። እግርን በተመለከተ ያለው ፍልስፍናም አንድ ነው። «እግር የተሰጠን ፔዳል እንድንረግጥበት ነው» ይላል፤ «ለመሄድማ ጎማ ተፈጥሯል።» ተማሪው ይስቃል። ፈተናው በእጁ የሆነ ሰው ሲቀልድ የማይስቅ ማን አለ? ጋሽ ፍሬን ግን ቀልዱ አስቂኝ ስለሆነ ይመስለዋል፤ ስለዚህ በማግስቱ ይደግመዋል።

የማሠልጠኛው ሜዳ በቆርቆሮ የታጠረ ነው። እስከ ግማሻቸው የተቀበሩ፣ ነጭ ቀለም የተቀቡ አሮጌ ጎማዎች መንገዱን ያሳያሉ። መንገዱ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይዞራል፤ አንድ ቦታ ላይ «ቁም» የሚል ምልክት አለ፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ዳገት ላይ መነሳት የሚለማመዱበት የአፈር ቁልል፣ ከዚያ በበርሜሎች መሀል ወደ ኋላ የሚገባበት ጠባብ ቦታ፣ ከዚያ እንደገና ግራ። ጥግ ላይ ተራ የሚጠብቁ ተማሪዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር አለ። ጋሽ ፍሬን ከዚህ ሜዳ ውጭ ስላለው ዓለም ብዙም ግድ የለውም።

ዳማ የሚባለው ውሻ እጁ የገባው ሚስቱ በሞተች በወራት ውስጥ ነው። ውሻው የሴት ልጁ ነበር። ልጁ የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ዳማን ዓይኑን ከገለጠ ጀምሮ በጡጦ ያሳደገችው፣ በፀጉሩ መልክ ስም ያወጣችለት እሷ ናት። አግብታ ፎቅ ቤት ስትገባ ግን አንድ ቀን ውሻውን ከነማሰሪያው ይዛ መጣች።

«ሕንፃው ውሻ አይፈቅድም አባዬ። አንተ ጋ ይሁንልኝ፤ አደራ።»

አደራዋንም ዘርዝራ ነገረችው። ጠዋትና ማታ ይውጣ አለችው። «መንገዱን ቀያይርለት፤ ዛሬ በገበያው በኩል፣ ነገ በወንዙ በኩል። ሲያሸት አትጎትተው፤ ለውሻ ማሽተት እንደ ወሬ ነው፣ ማን እንዳለፈ ማን እንደመጣ የሚሰማው በአፍንጫው ነው። ኳስ ወርውርለት። አንዳንዴ ዳገት አስወጣው፣ አንዳንዴ ደግሞ ዕቃ ደብቅና ይፈልገው። ደከመኝ ሲል አሳርፈው። ሰውም እንደዚያው ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ይሰለቸዋል።»

«እሺ» አላት ጋሽ ፍሬን። እሺ ለማለት እግር አያስፈልግም።

በማግስቱ ጠዋት ሊያወጣው ሞከረ፤ ይህ አይካድም። ማሰሪያውን በእጁ ጠምጥሞ እስከ መንገዱ ጥግ ሄደ። እዚያ ዳማ የመብራት እንጨት ሥር አፍንጫውን ተክሎ ቀረ። ጋሽ ፍሬን ቆሞ ጠበቀ። መቆሙ ራሱ አሳፈረው፤ ሰው ሁሉ የሚያየው መሰለው። ያን ጊዜ ፋርማሲስቷ ጎረቤቱ ቡጢ የምታክለውን ውሻዋን ይዛ ብቅ አለች።

«ጎሽ ጋሼ! እርስዎም ጀመሩ?» አለችው ፈገግ ብላ።

ጀመሩ! እሱ፣ ስንቱን ሾፌር ያወጣ ሰው፣ ከዚህች ሴት ጋር አንድ ላይ ተቆጠረ! ይህች ሴት በጋሽ ፍሬን ዘንድ የሥራ ፈቶች ሁሉ እመቤት ናት። ውሻዋን አንድ ቀን በደረጃው ታወጣታለች፣ ሌላ ቀን ሣር ላይ ትለቃታለች፣ አንዳንዴም ቁጢጥ ብላ አሮጌ ካልሲ አብራት ትጓተታለች፤ በዚያ ዕድሜዋ! «ውሻዋን አገር ታስጎበኛለች» ብሎ ስንቴ ቀልዶባታል። አሁን እሷ «ጎሽ» ስትለው ደሙ ፈላ። ዳማን ከእንጨቱ ነጥቆ ቤቱ ገባ፤ ከዚያን ቀን በኋላ ማሰሪያ ይዞ መንገድ ላይ አልታየም።

ያም ሆኖ ሰነፍ መባል አይፈልግም። ሰነፍ ብልሃት አያጣም፤ ጋሽ ፍሬንም አላጣም። ዳማን ወደ ማሠልጠኛው ወሰደውና ከማሠልጠኛዋ መኪና የኋላ መጎተቻ ላይ በገመድ አሰረው። ተማሪው በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ሲዞር ውሻው ከኋላ ይከተላል። ተማሪው ሲቆም ይቆማል። ተማሪው ሞተር ጠፍቶበት ሲርበተበት ውሻው የጭስ ማውጫው ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጋሽ ፍሬን በመስታወት እያየው አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። ሥራውንም ሠራ፣ ውሻውንም አንሸራሸረ፣ ከወንበሩም አልተነሳ! የዓለምን ጥበብ ሁሉ ብቻውን የጠጣ መሰለው።

«ጋሼ፣ እንዳልጎዳው ፈራሁ» ትለዋለች አንዲት ተማሪ።

«ፍሪ! ፍርሃት ነው ሾፌር የሚያደርግሽ። መስታወትሽን እዪ።»

ብዙም ሳይቆይ ገመዱ አላስፈለገም። ዳማ መኪናዋ ስትነሳ ይነሳል፤ ግራ ስትታጠፍ ይታጠፋል፤ «ቁም» ላይ ይቆማል። ተራ ጠባቂዎቹ በስልካቸው ይቀርጹታል። «ከእኛ በፊት መንጃ ፈቃድ የሚያወጣው እሱ ነው» ይላሉ። ጋሽ ፍሬን ደረቱን ነፍቶ፣ «ሥልጠና ማለት ይሄ ነው፤ ዙር! ዙር ያልሠራው ነገር የለም» ይላል። ጭሱን የሚምገው፣ ትኩሱን አፈር የሚረግጠው ሌላ ነውና ዙር ቢያወድስ ምን አለበት?

እሁድ እሁድ ልጁ ትመጣለች። ገና በሩ ሳይከፈት ዳማን ትጠራለች፤ ከአባቷ በፊት አንገቱን ታቅፋለች። ከዚያ ሻይ ታፈላለች፣ የሳምንቱን ዕቃ ታጥባለች፣ እግሯ ሥር የተኛውን ውሻ በጣቶቿ እያከከች ስለ ተማሪዎቿ ታወራለታለች። ጋሽ ፍሬን ይህቺን ግማሽ ቀን ሳምንቱን ሙሉ ይጠብቃታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ የሚሰማው ያኔ ብቻ ነው። እሱ ግን በልቡ አንድ ነገር ቆርጦ ይዟል፦ ልጄ የምትመጣው ለውሻው ነው፤ ውሻው የሄደ ቀን እሷም ትቀራለች። ስለዚህ ዳማን እንደ መያዣ ያየዋል። ልጅን በፍቅር መሳብ ያቃተው አባት በውሻ ያስራል፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ።

ዳማ መለወጡን መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። ኳስ ስትወረውርለት ኳሱን አይቶ ዝም ይላል። ቤት ውስጥ ሲሄድ ግድግዳውን ይጠጋል፤ ከግድግዳው ሲለይ ወደ ግራ ያዘነብላል። የመኪና ጎማ ያኝካል። አንዴማ የገዛ ጭራውን ነክሶ አድምቶት አገኘችው።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ታወጣዋለህ?»

«በየቀኑ! የሚንሸራሸረው ከጎረቤቱ ውሻ ሁሉ ይበልጣል።» ይህን ሲል አልዋሸም፤ እውነቱንም አልተናገረም። በዚህ ሙያ ከማሠልጠኑም የበለጠ የተካነ ነው።

ልጁ ብዙ አልተከራከረችም። «እንግዲያው በሚቀጥለው እሁድ ሦስታችንም ሜዳ እንሄዳለን» አለችው። «ከዚህ ሁሉ መንሸራሸር በኋላ እንዴት እንደሚጫወት አያለሁ። ደህና ከሆነ አንተ ጋ ይቆያል። ካልሆነ እወስደዋለሁ።»

«ወዴት ነው የምትወስጂው? ሕንፃሽ አይፈቅድ!»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ጋሽ ፍሬን የዚያን ዕለት ምግብ አልወርድ አለው። ውሻው ሊሄድ ነው፤ ልጁም አብራ ልትሄድ ነው፤ እሁዱም ባዶ ሊሆን ነው። ጭንቀቱ እውነተኛ ነበር፤ ለዚህ እንኳ ይታዘንለት። ጭንቀቱ ወዴት እንደወሰደው ሲታይ ግን ሐዘኔታው ይጠፋል። ሌላ ሰው ቢሆን ማሰሪያውን ከተሰቀለበት አውርዶ፣ ጫማውን አጥብቆ፣ ቢያንስ ያን ሳምንት ውሻውን ይዞ በወንዙ በኩል ይወጣ ነበር። ጋሽ ፍሬን ግን ፈተና የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚያውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው። ተማሪ ሊወድቅ ሲል ምን ይደረጋል? ዙር ይጨመራል!

ጨመረ። ተማሪዎች ሳይመጡ በጠዋት ራሱ መሪውን ይዞ ያዞረዋል፤ በምሳ ሰዓት እጁ ላይ ዳቦውን ይዞ እየገመጠ ያዞረዋል፤ ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላም እንደገና። ዳማ ምላሱን ጥሎ ይከተላል። አንዳንዴ የጎማዎቹ ጥላ ሥር ጋደም ሲል ጋሽ ፍሬን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ተነስ! እሁድ ልታዋርደኝ ነው?» ይለዋል። ፋርማሲስቷ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ስታልፍ ቆም ብላ አየችና፣ «ጋሼ፣ ኧረ ውሻው ደክሞታል፤ እያነከሰም ነው» አለችው።

«የኔ እመቤት፣ ያንቺን አስጎብኚ» አላት ሳይዞር።

ሴትዮዋ ውሻውን አንዴ ዞራ አይታ ሄደች። እሱ ግን አፏን እንዳስያዛት ቆጥሮ ሲስቅ ዋለ።

እሁድ ደረሰ። ጋሽ ፍሬን ልጁንና ውሻውን በመኪና ጭኖ ከተማው ዳር ወዳለው ሰፊ ሜዳ ወሰዳቸው። ሜዳው ላይ ሰው ሞልቷል። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ውሾች ይሯሯጣሉ፤ ፋርማሲስቷም እዚያው አለች፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተማሪዎቹ ሁለቱ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩት በአክብሮት ብድግ አሉ። ልጁ የዳማን ማሰሪያ ፈታች።

ዳማ ቆመ። ልጁ ሮጣ ጠራችው፤ አያት። ኳስ ወረወረች፤ ኳሱ ሲንከባለል በዓይኑ ሸኘው። አንዲት ቡችላ መጥታ ፊቱ ላይ ተንደባለለችለት፤ ምን እንደምትፈልግ የገባው አይመስልም ነበር። ያ ሁሉ ሣር፣ ያ ሁሉ ሽታ ፊቱ ተዘርግቶ እሱ አንድ ነገር ይጠብቃል። ከመንገዱ ዳር አንድ ሰው መኪና አስነሳ። ዳማ ጆሮውን ቀና አደረገና ተነሳ።

ወደ ግራ ዞረ። በማንም ዓይን የማይታይ መስመር ተከትሎ፣ ጭራውን ወትፎ፣ እንደ ተማሪ መኪና በዝግታ ዞረ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ምንም ነገር በሌለበት፣ ባዶ ሣር ላይ። ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ። ግራ፣ እንደገና ግራ፣ ቆመ፣ ቀጠለ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች መጀመሪያ ሳቁ። አንዱ ከኋላው ተሰልፎ አብሮት ዞረ። ከዚያ ዳማ በዚያው መስመር መመላለሱን ሲያዩ ሳቁ በረደ፤ ከኋላው የተሰለፈውም ልጅ ቀስ ብሎ ወጣ።

«አየሽ!» አለ ጋሽ ፍሬን። «ያለ ገመድ! ያለ መኪና!»

እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ኩራት ነበር ድምፁ ውስጥ።

ልጁ ወደ ዳማ ዞረች። ሄዳ መስመሩ ላይ ተንበርክካ ዳማን በደረቷ አቆመችው። የፊት እግሩን አንስታ መዳፉን አየች። ቆዳው ተልጦ ነበር። ለረጅም ጊዜ አንገቱ ላይ ፊቷን ቀብራ ቆየችና ተነስታ ወደ አባቷ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን ሕፃናት እንደምታረጋጋበት ድምፅ ዝግ ያለ ነበር።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያዘው።» ማሰሪያውን ዘረጋችለት። «እዚያ ዛፎቹ ድረስ በእግርህ ውሰደውና መልሰው። ቀስ ብላችሁ፤ እሱም አሞታል። እያሸተተ ይሂድ፣ አንተም ጠብቀው። ይህን ብቻ አድርግልኝና ዳማ አንተ ጋ ይቆያል። ቁስሉን እየመጣሁ እኔ አክመዋለሁ፤ በየቀኑም ቢሆን እመጣለሁ።»

ዛፎቹ ሩቅ አልነበሩም። ጥላቸው እነሱ ወደቆሙበት ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ጋሽ ፍሬን ማሰሪያውን አየ፣ ዛፎቹን አየ። በየቀኑ እመጣለሁ ብላዋለች፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚመኘው ነገር እጇ ላይ ተዘርግቶለታል። እጁንም ሊዘረጋ ነበር። ግን አግዳሚው ላይ ያሉትን ተማሪዎች አየ። ፋርማሲስቷን አየ፤ ሴትዮዋ ውሻዋን አቅፋ በደግ ዓይን እያየችው ነበር፤ አሁንም ጎሽ ልትለው! በውሻ እየተጎተተ፣ ቁጥቋጦ ሥር እየቆመ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የሳቀባቸውን ሰዎች ሆኖ ታየው። ሰው የናቀውን መሆን ከሞት ይከብደዋል፤ በተለይ እንደ ጋሽ ፍሬን ከንቀት በቀር ሌላ ሀብት ለሌለው።

«ጉልበቴን አሞኛል» አለ።

ጉልበቱን አላመመውም። ልጁም ታውቃለች።

«እሺ አባዬ» አለችው። ማሰሪያውን በዳማ አንገት ላይ አሰረች። ልትሄድ ዞር ካለች በኋላ ግን ተመለሰች።

«ሕንፃው ውሻ ይፈቅዳል» አለችው። «ያኔም ይፈቅድ ነበር። እማዬ ስትሞት ከወንበርህ መነሳት አቃተህ። ያኔ ያየህ ሐኪምም ካልተራመደ ልቡ አይዘልቅም ብሎኝ ነበር። ብለምንህ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ውሻ ከሰጠሁት ግድ ይወጣል፣ ሰውም ያገኛል ብዬ ነው ያመጣሁልህ። ትቼልህ የሄድኩ ቀን እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ነው የገባሁት። እኔ እሁድ እሁድ የምመጣው አንተን ለማየት ነበር።»

ጋሽ ፍሬን ክው አለ።  እጁ ኪሱ ገብቶ የመኪናውን ቁልፍ ጨበጠ።

«ቤታችን ከዚህ ቅርብ ነው» አለች ልጁ። «በእግር እንሄዳለን። አንተም ከፈለግህ ና።»

ዳማን ይዛ ሄደች። ውሻው በግራ በኩል ሊታጠፍባት ሲል ቆማ ጠበቀችው፣ በለስላሳ ቃል መለሰችው፣ እንደገና ሄዱ። ከመንገዱ ጫፍ ሳይደርሱ ዳማ አንድ ግንብ ሥር አፍንጫውን ሲሰድ አልጎተተችውም። ሁለቱም እዚያ ረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ሊከተላቸው የፈለገ ሰው ቢኖር በእግሩ ሊደርስባቸው የሚችልበት ጊዜ ነበር።

ጋሽ ፍሬን መኪናው ውስጥ ገባ። ሞተሩን አስነሳ። ወደ እነሱ የሚወስደው መንገድ ወደ ቤቱም የሚወስደው አጭሩ መንገድ ነው። በአጠገባቸው ላለማለፍ በሌላው በኩል ታጥፎ ከተማውን ዞሮ ሄደ። ግቢው ሲደርስ ከመኪናው አልወረደም። በሩን የሚከፍትለት ሰው አልነበረም፤ እዚያው ደጅ ላይ፣ መሪውን እንደያዘ፣ ልጄ ልጄ እያለ አለቀሰ።